ረቂቅ ነፍሳት በብረት ጋን፤ የአሴቶን ማብላላት ታሪክ

ጠላ የጠነሰሰች ባለሙያ ሴት ጋኑ ለምን እንደሚፈላ ብትጠየቅ፣ የምትመልሰው ብቅሉንና ጌሾውን፣ የውሃውን ልክና የጋኑን ንጽሕና ጠቅሳ ነው። እርሾ የሌለው ቡኮ እንደማይነሣ፣ በወጉ ያልታጠነም ጋን ጠላውን እንደሚያበላሽ ማንም የሚክደው የለም። ይሁን እንጂ በጋኑ ውስጥ ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን ጠላና ጠጅ፣ ወይንና ቢራ ሲጠምቁ የኖሩት ሕዝቦች ሁሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት አላወቁም ነበር። በአውሮጳ ስማቸው የተጠራው የኬሚስትሪ ሊቃውንት እንኳ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ፣ መብላላት ማለት ሕይወት የሌለው ቁስ በራሱ እየፈረሰ መሄዱ ነው ይሉ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ ያፈረሱት ሉዊ ፓስተር ናቸው። በ1856 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ፣ ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለፋብሪካ ጋኖቹ እየተበላሹ ቢያስቸግሩት ምክር ፍለጋ ወደ እርሳቸው ሄደ። ፓስተር ከየጋኑ እየቀዱ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በደኅናው ውስጥ ክብ ክብ የእርሾ ሕዋሳት፣ በኰመጠጠው ውስጥ ግን እንደ በትር ያሉ እጅግ ያነሱ ሌሎች ነፍሳት አገኙ። ስለ ወተት አሲድ መብላላት የጻፉትን ዝነኛ ጽሑፍ በ1857 ዓ.ም. አቀረቡ፤ በ1861 ዓ.ም. ደግሞ ቡቲሪክ አሲድ የሚያመነጨው ነፍስ ያለ አየር እንደሚኖር፣ እንዲያውም አየር እንደሚጐዳው ገለጹ። ቡታኖል የሚባለው አልኮል በእንዲህ ያለ መብላላት እንደሚገኝ ያስተዋሉትም በዚያው ዘመን ነው። ከዚህ ሁሉ የወጣው ትምህርት አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ረቂቅ ነፍስ የራሱ ሙያ አለው፣ የሚፈለገውን ነገር ለማግኘትም የሚፈለገውን ነፍስ ከሌሎቹ ለይቶ ማሳደግ ያስፈልጋል። በ1897 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ፈጭተው ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ ብቻውን ስኳርን እንደሚያብላላ ባሳዩ ጊዜ፣ ሥራው በነፍሱ ውስጥ ባሉት ኤንዛይሞች እንደሚፈጸም ታወቀ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በመጠጥና በምግብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። ከዚህ ክልል አውጥቶ ወደ ኢንዱስትሪ ኬሚካል ያሸጋገረው የጎማ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። በ1910 ዓ.ም. ገደማ የተፈጥሮ ጎማ ዋጋ እጅግ ከፍ ስላለ፣ በእንግሊዝ አገር ሰው ሠራሽ ጎማ ለማውጣት የተነሡ ነጋዴዎችና ሊቃውንት ነበሩ። ሐሳባቸውም ቡታኖልን ወደ ቡታዳየን፣ ቡታዳየንን ወደ ጎማ መለወጥ ነው። ቡታኖሉን ግን በብዛት ከየት ያመጣሉ? ለዚህ ጥያቄ በፓሪስ ከፓስተር ተቋም ኦጉስት ፈርንባክ፣ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሐይም ቫይዝማን ተሰለፉ።

ቫይዝማን በ1874 ዓ.ም. ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት በነበረችው በሞታል የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው። ትምህርታቸውን በጀርመንና በስዊስ ፈጽመው በ1904 ዓ.ም. ወደ ማንቸስተር መጡ። ሙያቸው የማቅለሚያ ኬሚስትሪ ነበርና ስለ ባክቴሪያ ያላቸው ዕውቀት በመጀመሪያ ጥቂት ነበረ፤ በጕልማሳነት ዕድሜያቸው እንደ ተማሪ ሆነው በፓስተር ተቋም ተምረውታል። በ1912 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ተለይተው ብቻቸውን መሥራት ከጀመሩ በኋላ፣ ከአፈርና ከእህል ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ እየለዩ ሲፈትኑ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ አገኙ። ይህም ነፍስ በኋላ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊኩም ተባለ። ትልቁ ብልጫው የበቆሎን ስታርች በራሱ ኤንዛይም ወደ ስኳር መለወጡ ነው። ጠላ ጠማቂ ብቅል የምታበቅለው እርሾ ስታርችን መብላት ስለማይችል ነው፤ ይህ ባክቴሪያ ግን ብቅል አያሻውም፤ የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት በቂው ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ባክቴሪያው በመጀመሪያ አሴቲክና ቡቲሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ፈሳሹ እየኰመጠጠ ይሄዳል፤ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝም እየተንቦለቦለ ይወጣል። የአሲዱ ብዛት ነፍሱን የሚያሰጋው ደረጃ ላይ ሲደርስ አካሄዱን ለውጦ ያመነጨውን አሲድ መልሶ እየዋጠ ቡታኖልና አሴቶን፣ ጥቂትም ተራ አልኮል ያወጣል። ልኩም በተለምዶ 6 እጅ ቡታኖል፣ 3 እጅ አሴቶንና 1 እጅ አልኮል ነው። ነገር ግን ቡታኖሉ ለራሱ ለባክቴሪያው መርዝ ነው፤ በጋኑ ውስጥ ያለው አሟሚ ፈሳሽ ሁሉ ተደምሮ ከመቶ 2 እጅ ያኽል ሲሆን ሥራው ይቆማል። የቀረው 98 እጅ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ፣ ያን ሁሉ አፍልቶ ጥቂቱን ማጣራት ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። ይህ ጉድለት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዚህ ሙያ ሰዎች ራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል።

ቫይዝማን የሚፈልጉት ቡታኖሉን ነበር፤ አሴቶኑ ትርፍ ነገር ነው። ጦርነቱ ግን ይህን ገለበጠው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መድፍ የሚተኰስበት ኮርዳይት የተባለው ጭስ አልባ ባሩድ፣ ናይትሮግሊሰሪንና የፈንጂ ጥጥ ተዋሕደው የሚሠራ ነው፤ ሁለቱንም አሟምቶ እንደ ሊጥ የሚያዋሕዳቸው አሴቶን ነው። አሴቶን ደግሞ እስከዚያ ጊዜ የሚገኘው እንጨትን አየር በሌለበት በማክሰል ነበር፤ 1 ቶን አሴቶን ለማውጣት ከ80 እስከ 100 ቶን እንጨት ያስፈልጋል። ደን የሌላት እንግሊዝ አብዛኛውን ከውጭ፣ በተለይም ከአሜሪካ ታስመጣ ነበር። በ1915 ዓ.ም. የመድፍ ጥይት እጥረት መንግሥቱን ባናወጠበት ወራት፣ የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ቫይዝማንን አስጠርተው 30,000 ቶን አሴቶን እንደ ጠየቋቸው ቫይዝማን በ1949 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ሰውየው እስከዚያ ቀን የሠሩት በላቦራቶሪ ብርጭቆ ነበረ።

ስለዚህ በለንደን ብሮምሊ ባይ ቦው በሚባለው ሰፈር በአንድ የጂን አረቄ ፋብሪካ ሙከራው ተጀመረ። እዚያ የታየው ችግር ለአረቄ አውጪዎቹ እንግዳ ነው። እርሾ በአልኮሉና በአሲዱ ራሱን ከሌሎች ነፍሳት በመጠኑ ይከላከላል፤ ይህ ባክቴሪያ ግን በጋኑ ውስጥ አንድ ባዕድ ነፍስ ከገባ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ጋኑን፣ ቧንቧውን፣ መክፈቻና መዝጊያውን ሁሉ በእንፋሎት ቀቅሎ ንጹሕ ማድረግ፣ ዘሩንም ከትንሽ ብልቃጥ ወደ ትልቅ ዕቃ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ግድ ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፔኒሲሊንን ለመሰለ መድኃኒት ያገለገለው የንጹሕ ጋን ጥበብ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው። ከዚያም በዶርሴት አውራጃ በሆልተን ሂዝ የባሕር ኃይሉ የባሩድ ፋብሪካ የራሱን ጋኖች አቆመ፤ በካናዳም በቶሮንቶ አንድ ትልቅ የዊስኪ ፋብሪካ ወደ አሴቶን ሥራ ተመለሰ።

በ1917 ዓ.ም. የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በውቅያኖስ ላይ የእህል መርከቦችን ማስጠም ሲያበዙ፣ ለጋኑ የሚሆን በቆሎ ጠፋ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጋኑ የሚበላው ሕዝቡ የሚበላውን ነው፤ ለጥይት የሚብላላው እህል ከዳቦ ላይ የሚቀነስ ነው። ባለሥልጣኖቹ በእህሉ ምትክ ስታርች ያለበትን፣ ሰው ግን የማይበላውን ነገር ሲፈልጉ ዐይናቸው በየመንገዱ ዳር ከሚበቅለው ከሆርስ ቼስትናት ዛፍ ፍሬ ላይ ዐረፈ። ይህ ፍሬ መራራ ነው፤ የእንግሊዝ ልጆች በገመድ እያንጠለጠሉ እያጋጩ ይጫወቱበታል እንጂ ለምግብ አይሆንም። ያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ተማሪዎችና ቦይ ስካውቶች ፍሬውን እንዲለቅሙ ተጠየቁ፤ ለያንዳንዱ 50 ኪሎ ግራም ያኽልም 7 ሺልንግ ከ6 ፔንስ እንደሚከፈል ተነገረ። መምህራኑ ልጆቹን አሰልፈው በየመናፈሻውና በየመስኩ አሰማሩ።

ለምን እንደሚለቀም ግን ለማንም አልተነገረም። ምስጢሩ ወደ ጀርመኖች ጆሮ ደርሶ እነርሱም እንዳይሠሩበት ተፈርቶ ነበር። በምክር ቤት ጥያቄ ቢነሣ እንኳ የተሰጠው መልስ ግልጽ አልነበረም። ልጆቹ ከሚጠበቀው በላይ ለቀሙ፤ የሚያጓጕዘው ባቡር ግን ስላልበቃ ብዙው በየጣቢያው ተከምሮ በሰበሰ። በምሥራቅ እንግሊዝ ኪንግስ ሊን ወደሚገኘው ፋብሪካ የደረሰው 3,000 ቶን ያኽል ነው። እዚያም ቢሆን ፍሬው ለባክቴሪያው አልተስማማውም፤ የወጣው አሴቶን ጥቂት ሆነ፤ በ1918 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ፋብሪካ በዚያው ዓመት ተዘጋ። አንዳንድ ጸሓፊዎች ይህን ታሪክ እንደ መዝናኛ ተረት ይተርኩታል፤ ነገር ግን ልጆችን ለጥይት ሥራ አሰማርቶ የሥራውን ፍጻሜ የሸሸገ ትእዛዝ በመምህሩ በኩል ማለፉን ልብ ያለው የለም ለማለት ያስደፍራል። መምህሩም ቢሆን እንደ ልጆቹ አልተነገረውም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። በ1916 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሎይድ ጆርጅ በ1930ዎቹ ባሳተሙት ማስታወሻ፣ ቫይዝማን ለውለታቸው ለራሳቸው ምንም ሳይሹ ለወገኖቻቸው በፍልስጥኤም አገር እንዲሰጣቸው እንደ ለመኑና የኅዳር 2 ቀን 1917ቱ የባልፎር መግለጫ ከዚያ እንደ መነጨ ጽፈዋል። (ኅዳር የተባለው የአውሮጳውያን ኖቬምበር ነው።) የታሪክ ጸሓፊዎች ግን ይህን አይቀበሉትም፤ መግለጫው የብዙ ወራት ድርድርና የመንግሥታት ጥቅም ውጤት ነው። ራሳቸው ቫይዝማንም ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልነበረ ጽፈው በጨዋታ አልፈውታል። አሴቶኑ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ሰውየውን ከታላላቅ ሹማምት ደጅ ማድረሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፖለቲካ ሥራ ነው። በ1949 ዓ.ም. የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው በ1952 ዓ.ም. ዐረፉ።

ጦርነቱ ሲያበቃ አሴቶን ፈላጊ አጣ፤ ሁለት እጥፍ የሚወጣው ቡታኖል በየበርሜሉ ተከማችቶ ቀረ። የጠላው አተላ የተባለው ነገር ዋና ዕቃ የሆነው ያኔ ነው። በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት በቴር ሆት ከተማ ሥራውን የተረከበው ኩባንያ፣ ቡታኖል ወደ ቡታይል አሴቴት ሲለወጥ ለመኪና የሚሆነውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም በደንብ እንደሚያሟሟ አወቀ። ቀድሞ አንድ መኪና ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ በአዲሱ ቀለም ግን ጊዜው እጅግ አጠረ፤ በየፋብሪካው ተሰልፎ የሚጠብቀውም መኪና ቀለለ። ስለዚህ ለመድፍ የተፈለሰፈው ጋን ለመኪና ቀለም ዋለ።

ይህ ኢንዱስትሪ ሁለት ደዌዎች ነበሩት፤ ሁለቱም ለሥነ ሕይወት መምህር ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። አንደኛው በ1923 ዓ.ም. በቴር ሆት የደረሰው ነው። ጋኖቹ ያለ ታወቀ ምክንያት ቀዘቀዙ፤ ምርቱም በእኩሌታ ወደቀ። ጠንቁ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ማለት ባክቴሪዮፋጅ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ መፍትሔውም ቫይረሱ የማይጐዳውን ዘር ለይቶ ማሳደግ ሆነ። ሁለተኛው ደግሞ ባክቴሪያው ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግሞ ሲገለበጥ እያደር ሙያውን መርሳቱ ነው፤ ያድጋል፣ አሲድ ያወጣል፣ አሴቶንና ቡታኖል ግን አይሰጥም። የቀድሞ ሠራተኞች ዘሩን ደርቆ ስፖር በሆነበት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውሃ እየፈተኑ ብርቱውን ብቻ ያስቀሩ ነበር። ይህ ዘዴ ለምን እንደሚጠቅም የተገለጠው በ1990ዎቹ ነው፤ አሟሚዎቹን የሚያሠሩት ጂኖች በዋናው የዘር ክር ላይ ሳይሆኑ ፕላስሚድ በሚባል ለብቻው በሚኖር ትልቅ ቀለበት ላይ ናቸው። ቀለበቱ የጠፋበት ባክቴሪያ ሙያውም ይጠፋበታል። የዚህ ባክቴሪያ የዘር ጽሑፍ በሙሉ ተነቦ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ኬሚካልም በዚሁ መንገድ ተጕዟል። የሎሚ አሲድ ከኢጣልያ ሎሚ ይጨመቅ ነበር፤ በ1917 ዓ.ም. ጄምስ ከሪ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ጥቁር ሻጋታ ከስኳር ብዙ የሎሚ አሲድ እንደሚያወጣ ካሳዩ በኋላ ግን በ1919 ዓ.ም. ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በፋብሪካ አወጣው። የኢጣልያ ሎሚ ገበሬዎች ገበያ በአንድ ሻጋታ ተወሰደ።

በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሚወጣው ቡታኖል ሁለት ሦስተኛው ያኽል የሚገኘው በማብላላት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነዳጅ ዘይት ረከሰ፤ አሴቶንና ቡታኖልም ከዘይት ተዋጽኦ በርካሽ ይሠሩ ጀመር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በምዕራብ አገሮች ያሉት ጋኖች አንድ ባንድ ተዘጉ። ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ በደቡብ አፍሪቃ በጀርሚስተን የነበረው ነው፤ ይህ ፋብሪካ ስኳር ከተጣራ በኋላ በሚቀረው ሞላሰስ እየሠራ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። አገሪቱ የዘይት ጕድጓድ ስለሌላትና የድንጋይ ከሰልና ስኳር ስለሞላት ሥራው አዋጥቷት ነበር፤ ሞላሰሱ ሲያንስ ግን እርሱም ተዘጋ።

እስከዚህ ዘመን ድረስ የሊቃውንቱ ሥራ መምረጥ ነበር፤ ተፈጥሮ ያዘጋጀችውን ነፍስ ከአፈር ፈልገው ያሳድጋሉ፣ የሌለውን ሙያ ግን ሊሰጡት አይችሉም። በ1973 ዓ.ም. ስታንሊ ኮሄንና ኸርበርት ቦየር ከአንድ ፍጡር የተቈረጠ ጂን በባክቴሪያ ውስጥ ተተክሎ እንደሚሠራ ካሳዩ በኋላ ይህ ተለወጠ። በ1978 ዓ.ም. የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ተሠራ፤ በ1982 ዓ.ም. ለሽያጭ ተፈቀደ። ኢንሱሊን ግን በጥቂት ግራም ብዙ ዋጋ የሚያወጣ መድኃኒት ነው። በቶን የሚሸጥ ርካሽ ኬሚካል ከዘይት ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው ፕሮፔንዳዮል የተባለው ለጨርቅና ለምንጣፍ ክር የሚያገለግል ኬሚካል ነው። ግሊሰሪንን በልቶ ይህን የሚያወጣ ባክቴሪያ መኖሩ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ስኳርን በልቶ ይህን የሚያወጣ ግን በተፈጥሮ አልተገኘም። ዱፖንና ጄነንኮር የተባሉት ኩባንያዎች ሊቃውንት በኤሸሪኪያ ኮላይ ላይ የሁለት ነፍሳትን ሙያ ሰፉ፤ ስኳርን ወደ ግሊሰሪን የሚያመጣውን ጂን ከእርሾ፣ ግሊሰሪኑን ወደፊት የሚያሳልፈውን ከክሌብሲዬላ ወሰዱ፤ የመጨረሻውን ደረጃ የሚፈጽመው የራሱ የኮላይ ኤንዛይም ነው። ሥራው ይህን ብቻ አልነበረም፤ ስኳሩ ወደ ሌላ ነገር እንዳይባክን የባክቴሪያውን ልዩ ልዩ መንገዶች መዝጋት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት በላውደን ከተማ በዓመት 45,000 ቶን ያኽል የማውጣት ዐቅም ያለው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቀለቡ በቆሎ ነው፤ የ1917ቱ ጥያቄ በዚህም አልጠፋም።

ሎሚ ገበሬዎቹን ያገኛቸው ነገር በምሥራቅ አፍሪቃም ዳር ደርሶ ነበር። የወባ መድኃኒት የሆነው አርቴሚሲኒን ከአርቴሚሲያ ተክል የሚወጣ ነው፤ ተክሉ በቻይናና በቬትናም፣ እንዲሁም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ይመረታል። በ2006 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የጄይ ኪዝሊንግ ጓዶች የዚህን መድኃኒት መነሻ አሲድ የሚያወጣ እርሾ አበጁ፤ በ2013 ዓ.ም. ምርቱ በአንድ ሊትር 25 ግራም ደረሰ፤ ሳኖፊ የተባለው ኩባንያም በኢጣልያ ፋብሪካ አቆመ። ነገር ግን የተክሉ ዋጋ ወረደ፤ ከእርሾ የወጣው ከማሳው ከወጣው በለጠ በዋጋ ተወደደ፤ ፋብሪካውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሸጠ። በዚህ ጊዜ ያሸነፈው ገበሬው ነው ሊባል ይቻላል፤ ያሸነፈው ግን የምርቱ ዋጋ ስለ ወረደ ነውና ድሉ ለኪሱ የሚያኰራ አይደለም።

አሴቶንም ወደ ጋኑ ተመልሷል። በ2022 ዓ.ም. ላንዛቴክ የተባለው ኩባንያ ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ያወጡት ጥናት እህል የማይበላ ባክቴሪያ ይገልጻል። ይህ ክሎስትሪዲየም ኦቶኤታኖጄነም የሚባለው የአሮጌው ባክቴሪያ ዘመድ ነው፤ ቀለቡ ከብረት ማቅለጫ ጭስ ማውጫ የሚወጣውን የመሰለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት ጋዝ ነው። በተፈጥሮው ተራ አልኮል ያወጣል እንጂ አሴቶን አያወጣም ነበርና አሴቶን የሚሠሩትን ጂኖች ተከሉበት። ሙከራው በ120 ሊትር ጋን ተፈትኗል፤ በስሌቱም መሠረት ከአየር የሚያስቀረው ካርቦን ከሚለቀው ይበልጣል። የተከሉበትን ጂኖች የመረጡት የቀድሞዎቹ የአሴቶንና የቡታኖል ፋብሪካዎች ሲሠሩባቸው ከኖሩት፣ ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ በኋላም በብልቃጥ ተጠብቀው ከቆዩት የባክቴሪያ ዘሮች ስብስብ ውስጥ ነው።